የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጀግናው በራሱ እግር ይቆማል?

ባለፈው እትም ስለ ልጆች መጫወቻ በጻፍነው አጭር ጽሑፍ ላይ «የሱፐር ሂሮ (እንደ ስፓይደርማን ያለ የፊልምና የኮሚክ ጀግና) አሻንጉሊትም እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ ጥሩና መጥፎ አለው፤ ይመዘናልም» ብለን በአንድ መስመር አልፈን ነበር። በዚያች መስመር ምክንያት ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳርና ከሞጣ ደብዳቤዎች ስለደረሱን የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከውጭ አገር ሲመጣ ለልጄ አንድ ስፓይደርማን አመጣለት። እኔ ደግሞ ከዚሁ ከገበያችን ቁመቱ የዚያን እጥፍ የሚሆን፣ ደረቱ ላይ መብራት የሚበራ ሌላ ስፓይደርማን ገዛሁለት። ልጁ የእኔን ሁለት ቀን ተጫውቶበት ጣለው፤ የወንድሜን ግን አቅፎት ይተኛል። ባለቤቴ ‹የዋጋው ነገር ነው› ትላለች፤ ለእኔ ግን ሁለቱም ፕላስቲክ ስለሆኑ ልዩነቱ አልታይ አለኝ። ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ይለያል?» — የአንድ ልጅ አባት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ከሁላችንም ቀድሞ ፈርዷል፤ የዋጋውን ነገር አያውቅምና ፍርዱም በዋጋ አይደለም። የእርሻ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ የአገራችን ገበሬ የበሬው ቀንድና ቀለም ዐይኑን ቢስበውም፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት በሬውን ያስኬደዋል፣ ሸኮናውን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ጫንቃውንም በመዳፉ ይዳስሳል። የጀግና አሻንጉሊት ምርመራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከፊቱና ከካርቶኑ ሳይሆን ከእግሩና ከመገጣጠሚያው ይጀምራል።

የዕቃው የእንግሊዝኛ ስም ራሱ ይህንን ይናገራል። ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ጂ.አይ. ጆ የተባለ ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ወላጆች ለወንድ ልጅ «አሻንጉሊት» መግዛትን እንዳይጸየፉት በመስጋቱ ዕቃውን «አክሽን ፊገር» (የእንቅስቃሴ ምስል እንደ ማለት) ብሎ ጠራው። አጠራሩ የነጋዴ ብልሃት ነበር፤ ነገር ግን መለኪያውንም አብሮ ሰጥቶናል፦ ይህ ዕቃ ሥራው መንቀሳቀስ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለቱንም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያለ ድጋፍ ያቁሟቸው። ቀጥ ብሎ መቆም ምንም አይደለም፤ ጠርሙስም ይቆማል። ከዚያ አንድ እግራቸውን ወደ ፊት አራምደው፣ ጉልበታቸውን ዐጥፈው፣ ወገባቸውን ትንሽ ሰበር አድርገው እንደገና ያቁሟቸው። በዚህ ሁኔታ የሚቆመው ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም የሚያዘነብል፣ የእግሩም መርገጫ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ለሙሉ የሚያርፍ ብቻ ነው። የእርስዎ ትልቁ ስፓይደርማን እዚህ ላይ የሚወድቅ ይመስለኛል፤ ቁርጭምጭሚት የሌላቸው፣ እግራቸው ከባታቸው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰ አሻንጉሊቶች በብዛት ርካሾቹ ናቸውና።

ቀጥሎ ክንዱን በአግድም ዘርግተው ይልቀቁት። ቀስ እያለ ከወረደ መገጣጠሚያው ላልቷል፤ ለማንቀሳቀስ ጥርስ መንከስ ካስፈለገ ደግሞ ወይ ቀለም አጣብቆታል፣ ወይ ሲሠራ ከልክ በላይ ጠቧል። ጥሩው መገጣጠሚያ እንደ አዲስ የበር ማጠፊያ ነው፤ ሲገፋ እሺ ይላል፣ ሲተውም ባለበት ይቀራል። ክርኑንም ዐጥፈው ይዩት፦ አንድ መታጠፊያ ብቻ ያለው ክንድ 90 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ሲቆም፣ ሁለት መታጠፊያ ያለው ግን ጡጫው ትከሻውን እስኪጠጋ ድረስ ይሄዳል። ቶይ ቢዝ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረውና ከ2007 ወዲህ ሃስብሮ የያዘው ማርቭል ሌጀንድስ የተባለው ምርት ስም ያተረፈው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ አካል ውስጥ እንዲህ ያሉ በርካታ መገጣጠሚያዎችን በማስገባቱ ነው። ስለዚህ ማጠሩ የወንድምዎን ስጦታ አያሳንሰውም፤ የእርስዎ መብራትም ውለታ አልዋለልዎትም፤ ባትሪና ሽቦ የሚይዝ ደረት ባዶ ሣጥን መሆን ስላለበት ወገቡ የሚዞርበትንና ደረቱ የሚጎብጥበትን ቦታ ወስዶበታል።

አሁን ሁለቱንም ይዘው ወደ መስኮት ይጠጉ። የስፓይደርማን ቀይ ጭንብል ላይ ጥቁሩ የድር መስመር ከሁለቱ ዐይኖች መካከል ተነሥቶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ያንን መስመር በጥፍርዎ ጫፍ ይከተሉት። በተጠነቀቁበት ሥራ ላይ መስመሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ተቀርጿል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጎድጓዳው ሳይፈስ ተቀምጧል፤ ትከሻው ላይ ሲደርስም ክንዱ በሚዞርበት ስንጥቅ ማዶ ካቆመበት ይቀጥላል። በግዴለሽ ሥራ ላይ ድሩ ደረቱ ላይ ብቻ ታትሞ ብብቱ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። ጀርባውን ያዙሩት፤ አምራቹ ገንዘብ የቆጠበው ገዢ በማያየው በዚያ በኩል ነው። የዐይኑን ነጭ የሚከብበውን ጥቁር ዙሪያም ይዩ። የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የጎበኘ ሰው ሠዓሊው ዐይንን በአንድ ጥቁር መስመር እንዴት እንደሚያነቃው ያስታውሳል፤ ያ መስመር በፀጉር ያህል ቢዛነፍ እይታው ሌላ ይሆናል። ማነጻጸሬ የእጁን ጥንቃቄ እንጂ የሥዕሉን ክብር እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

አንድ ቦታ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የማያየው እርሱን ነው። ጉልበቱን ዐጥፈው ስንጥቁ ውስጥ ይመልከቱ። የመገጣጠሚያው ፕላስቲክ ከመነሻው ሰማያዊ ሆኖ ከተሠራ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ በሌላ ቀለም ተሠርቶ ላዩ ሰማያዊ የተቀባ ከሆነ ግን በታጠፈ በተዘረጋ ቁጥር እየተፋቀ በሳምንት ውስጥ ነጭ ወይም ግራጫ ይገጥጣል።

ፕላስቲኩም ሁሉ አንድ አይደለም። ጀበና ሲገዙ በጣት ኳ አድርገው እንደሚያዳምጡ ሁሉ ደረቱን በጥፍርዎ መታ ያድርጉት፤ ኤቢኤስ የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ደረቅ ድምፅ ሲሰጥ፣ ፒቪሲ የተባለው ለስላሳው የታፈነ ድምፅ አለው። ጥሩ አምራች ቅርጹን መጠበቅ ያለበትን ደረት በጠንካራው፣ ሲወድቅ እንዳይሰበር የሚፈለገውን ጣትና ካባ ደግሞ በለስላሳው ይሠራል። ሁሉም ነገር ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የወጣ ከሆነ ወይ ጣቱ ይሰበራል፣ ወይ እግሩ ቆሞ ሲከርም ይጎብጣል።

ጥያቄ፦ «ባለ ሱቁ ‹ኦሪጅናል ነው› ብሎ ይምላል። ፎርጅድ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?» — ከቡሬ

መልስ፦ መሐላውን ትተው የእግሩን መርገጫ ወይም ጀርባውን ይዩ፤ ፈቃድ ያለው ምርት በአብዛኛው የአምራቹንና የባለመብቱን ስም ከዓመተ ምሕረት ጋር በጥቃቅን ፊደል ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ይዟል። ካርቶኑ ላይ የጀግናው ስም በአንድ ፊደል ተዛብቶ ከተጻፈ ወይም ባትማን፣ ሃልክና አይረንማን በአንድ ማሸጊያ አብረው ከታሸጉ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ባትማን ዲሲ የተባለው የኮሚክ አሳታሚ፣ ሁለቱ ደግሞ የተፎካካሪው የማርቭል ስለሆኑ ባለመብቶቹ እንዲህ በአንድ ካርቶን አያስቀምጧቸውም። ከዚህ የረቀቀው ምልክት መጠኑ ነው። ከተሸጠ አሻንጉሊት ላይ ቅርጽ ወስዶ የሚያባዛ ሰው ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርበት ኮፒው ከእናቱ በጥቂቱ ያንሳል፤ የጣት ጥፍርና የልብስ ስፌትን የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮችም የተፋቀ ሳንቲም ይመስል ይደበዝዛሉ። ፎርጅድ መሆኑን ዐውቆ በልኩ ከፍሎ የሚገዛን ሰው አልወቅስም፤ ቀለሙ ምን እንደሆነ ግን ማንም ዋስ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ነገር ለባሕር ዳሯ እናት ከታች መልሰናል።

ጥያቄ፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሥዕል እሥላለሁ። ጓደኞቼ ጡንቻው የበዛ አሻንጉሊት ጥሩ ዲዛይን ነው ሲሉ እኔ አልስማማም፤ ምክንያቴን ግን መግለጽ አቃተኝ። በዚህ ክረምት የበላይ ዘለቀን ምስል እንደ ሱፐር ሂሮ አድርጌ በጭቃ መሥራት ጀምሬያለሁ። ምን ምን ላስብበት?» — ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ አለመስማማትህ ትክክል ነው፤ ምክንያትህን እኛ እናግዝህ። ክንድህን ዘና አድርገህ አንጠልጥለውና እየው፤ ከዚያ ከባድ ነገር አንሣበት። ያው ክንድ ሁለት መልክ ይኖረዋል። የመጥፎ ቀራጺ ጀግና ግን ቆሞ እያዛጋም ሆነ ተራራ እየገፋ ሁሉም ጡንቻው እኩል ተወጥሯል፤ ይህ የጉልበት ምልክት ሳይሆን ሰውነትን ያለማየት ምልክት ነው። ተራ ሰው ሲሣል ቁመቱ የጭንቅላቱን ሰባት ከግማሽ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ጀግና ሲሣል ስምንት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ግርማው የሚመጣው ጭንቅላትን በማሳነስና ትከሻን በማስፋት ከሚገኘው ከዚህች ትንሽ ልዩነት ነው። ወሰኑ ሲታለፍ ግን ጀግናው ጆንያ ላይ የተቀመጠ ሎሚ ይመስላል።

ለጓደኞችህ የምታሳያቸው ሌላ ፈተና ደግሞ የጥላ ፈተና ነው። ማታ አሻንጉሊቱን በመብራትና በግድግዳ መካከል አቁሙና ጥላውን ብቻ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ያለው ባትማን በሁለቱ ሾጣጣ ጆሮዎቹና ጫፉ በተቆራረጠ ካባው በጥላው ብቻ ይታወቃል፤ በ1962 የመጣው ሃልክ ደግሞ ከቁመቱ ይልቅ በስፋቱ ይለያል። ጥላው ማን እንደሆነ ካልተናገረ ቀለሙ የሚሸፍነው ድክመት አለ ማለት ነው።

ከጥላው ቀጥሎ ልክ ይመጣል። አንድ ለአሥራ ሁለት በሚባለው ልክ፣ ማለትም እውነተኛው ቁመት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል፣ 1 ሜትር ከ78 የሆነው ስፓይደርማን 15 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሃልክ አጠገቡ ሲቆም በራስና በትከሻ ያህል በልጦት ካልታየ ሁለቱ አብረው የሚጫወቱ ሳይሆኑ አብረው የተሸጡ ብቻ ናቸው። አምራቾች ሁሉ ግን አንድ ልክ አይከተሉም፤ ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያወጣቸው የዲሲ ጀግኖች 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆኑ፣ የሆንግ ኮንጉ ሆት ቶይስ የሚሠራቸው ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ከሌላው አጠገብ አቁሞ «ይሄኛው ትልቅ ነው፣ ይበልጣል» ማለት ዳኝነት አይሆንም።

ከዲዛይን ጥያቄዎች ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ግን ይህ ነው፦ አካሉ የጀግናውን ሥራ ያውቃል ወይ? እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የተቀረጸውን ሰውነት የሚቆርጥ ስንጥቅ ነው፤ ብዙ ስታደርግ ቅርጹ ይጎዳል፣ ስታሳንስ ሐውልት ይሆንብሃል። ብልህ ንድፍ አውጪ ስንጥቁን የሚያውለው ጀግናው በሚፈልገው ቦታ ነው። ሱፐርማን ስለሚበር በሆዱ ሲያስተኙት ጭንቅላቱ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት፤ አንገቱ ቀና የማይል ሱፐርማን የሚበር ሳይሆን የተደፋ ነው። ስፓይደርማን ጉልበቱ ደረቱን እስኪነካ ማጎንበስ አለበት። ይህንን ቀድሞ የተረዳው ኬነር የተባለው አምራች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ሱፐር ፓወርስ በተባለው ምርት ሱፐርማንን እግሮቹን ጨመቅ ሲያደርጉት ክንዱ ይመታ ነበር፤ ፍላሽ ደግሞ ሯጭ ስለሆነ ክንዶቹ ሲጨመቁ የሚንቀሳቀሱት እግሮቹ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ ሜጎ የተባለው ኩባንያ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ተመሳሳይ አካል ላይ ልዩ ልዩ የጨርቅ ልብስ እያለበሰ ብዙ ጀግና ያወጣ ነበር፤ ለአምራቹ ርካሽ ነው፣ ለልጅም ልብስ ማውለቅ ደስ ይላል፤ ሆኖም ልብሱ ከወለቀ በኋላ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር።

ወደ በላይ ዘለቀ ስንመጣ፣ ጡንቻ አትጨምርለት። ጥላውን ጎፈሬው፣ ጠመንጃውና ዝናሩ ይሠሩልሃል፤ ሦስቱ ካሉ ጎጃም ውስጥ ማንም አይስተውም። የፊቱን መልክ ደግሞ የፈረስ ስሙ ነግሮሃል፦ አባ ኮስትር ነውና ጥርሱን እያፋጨ የሚጮህ ሳይሆን ዐይኑን ያላነሣ ኮስታራ ፊት ይኑረው። ከጣሊያን ጋር በዱር የተዋጋ አርበኛ ሰውነት ቀጭንና ዳገት የለመደ መሆን አለበት እንጂ ስፖርት ቤት የከረመ መምሰል የለበትም። ስለ ጭቃው አንድ ነገር ልብ በል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውስጡ የገባው ሽቦ ግን አይኮማተርም፤ በዚህ የተነሣ ሽቦ ይዞ የደረቀ ክንድ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። እግሩን በረዥም ልብስ ወይም በድንጋይ መቀመጫ ደግፈህ ያለ ሽቦ ሥራው፤ ጠመንጃውንም ከእንጨት ለብቻው ጠርበህ መጨረሻ ላይ አስይዘው፤ ከጭቃ የተሠራ አፈሙዝ በመጀመሪያው ቀን ይሰበራል።

ጥያቄ፦ «ልጆቼ የሚጫወቱበት ባትማን ካባው እንደ ማር መጣበቅ ጀምሯል፤ ሽታም አለው። የሁለት ዓመቷ ታናሽ እኅታቸው ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ልጣለው?» — እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እመቤቴ፣ ለትልልቆቹ ከሆነ ወዲያው አይጣሉት፤ ከትንሿ ግን ዛሬውኑ ያርቁት። መጣበቁ የሚመጣው ፒቪሲን ለማለስለስ የተጨመረው ዘይት መሰል ነገር በሙቀትና በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የባሕር ዳር ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ከርሞ ከሆነ ምክንያቱ እርሱ ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ላርጎ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጥበው በጥላ ያድርቁት። ቤንዚንም ሆነ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንዳያስነኩት፤ ቀለሙን ከነፊቱ ያነሡታል።

ማለስለሻዎቹ ፍታሌት ከሚባሉት ወገን ሊሆኑ ስለሚችሉ የአውሮፓ ኅብረት ዋና ዋናዎቹ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኙ ከልክሏል፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንግጋለች። አምራቹ ስሙን ያልጻፈበት ዕቃ እነዚህን ያክብር አያክብር በዐይን አይለይም፤ ሽታም ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ አፍ ውስጥ ለሚገባ መጫወቻ ስም የሌለውን አይግዙ። ለትንሿ ልጅ ግን ከኬሚካሉ ይልቅ የሚያስፈራው ማነቅ ነው። ካርቶኑ ላይ 0-3 ተጽፎበት በመስመር የተሰረዘ የሕፃን ፊት ካዩ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም ማለት ነው። ፈታሾች ለዚህ የሚጠቀሙበት የውስጥ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር ቱቦ መሰል መለኪያ አለ፤ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ቁራጭ ሁሉ ለሕፃን አደገኛ ተብሎ ይያዛል። የጀግኖች ተለዋጭ እጅና ጩቤ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይገባሉ። እነዚህን ክዳን ባለው ጣሳ ለብቻ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ «የገዛሁት አይረንማን ጉልበቱ ጨርሶ አይታጠፍም፤ አንድ እግሩም ጎብጦ ወደ ኋላ ይወድቃል። ብመልሰው ሻጩ አልቀበልም አለኝ። ጎረቤቴ በጉልበት ጠምዝዘው ይላል።» — ከሞጣ

መልስ፦ ጎረቤትዎን አይስሙ። እኔም አንድ ጊዜ በብርድ ጧት የተጣበቀ ቁርጭምጭሚት እንደዚሁ ጠምዝዤ፣ ውስጡ ያለውን ቀጭን ዘንግ ሰብሬ፣ እግሩን በአንድ እጄ ይዤ ቀርቻለሁ። በሱፐር ግሉ ባጣብቀውም ዳግመኛ አልታጠፈም፤ ሙጫው ወደ መታጠፊያው ፈስሶ ነበር።

ውሃ አፍልተው ከእሳቱ ያውርዱት። ሞጣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። እግሩን ብቻ ከጉልበቱ በላይ ድረስ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩት፤ ደረቱ ውስጥ መብራት ካለው ውሃ እንዳይደርስበት ይጠንቀቁ። አውጥተው በጨርቅ ይዘው ጉልበቱን ቀስ በቀስ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት፤ የተጣበቀው ቀለም ጠቅ ብሎ ሲለቅ በእጅዎ ይሰማዎታል። የጎበጠውን እግር ደግሞ ሳይቀዘቅዝ ቀጥ አድርገው፣ እንደያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትተው እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ። ቀድመው ከለቀቁት ወደ ቀድሞው ጉብጠቱ ይመለሳል፤ ያኔም ውሃውን እንደገና ማፍላት ነው።